የማሸነፍ ልክ

ብዙ ሰው የሚፈተነው ሲሸነፍ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሰው ሲያሸንፍም ይፈተናል። የተሸናፊው ፈተና ግልጽ ነው፤ ይኸውም ተስፋ እንዳይቈርጥና በባላጋራው እንዳይቀና ነው። የአሸናፊው ፈተና ግን በእልልታና በጭብጨባ ተሸፍኖ ስለሚመጣ፥ ብዙዎች ፈተና መሆኑን እንኳ ሳያውቁ ይወድቁበታል። እኔም በስተርጅናዬ ወድቄበታለሁ። ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ዛሬ የምጽፍላችሁ ያነበብሁትንና የሰማሁትን ብቻ ሳይሆን ያፈርሁበትንም ነገር ነው።

የምኖረው ጫንጮ ነው። ጫንጮ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከሱሉልታ ቀጥላ የምትገኝ ብርዳም የደጋ ከተማ ናት። ከመምህርነት ሥራ በጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ፥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ ቅርጫት ኳስ አጫውታለሁ። የሜዳችን ስሚንቶ የተሰነጣጠቀ፥ የብረቱም ቀለበት መረብ የሌለው ነው፤ ቢሆንም ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ቅዳሜን ሲጠብቁ ይሰነብታሉ።

አንድ ቅዳሜ ከገጠር ቀበሌ አንድ የልጆች ቡድን ሊገጥመን መጣ። ሁለት ሰዓት ያህል በእግራቸው ተጕዘዋል። ከዐሥሩ ልጆች አራቱ ኮንጎ ጫማ አድርገዋል፤ የቅርጫት ኳስም ስላልነበራቸው የተለማመዱት በእግር ኳስ ነበር። ጨዋታው ተጀምሮ ጥቂት ደቂቃ እንዳለፈ የኛ ልጆች እጅግ እንደሚበልጡ ታወቀ። ነጥቡን በጠመኔ በሰሌዳ ላይ ትጽፍ የነበረችው ልጅ ለኛ 30 በጻፈች ጊዜ፥ ለእንግዶቹ የጻፈችው 2 ብቻ ነበር። ያን ጊዜ በልቤ ውስጥ አንድ ክፉ ነገር ተነሣ፤ «ሃምሳ ሳትሞሉ እንዳትወጡ!» ብዬ ጮኽሁ። ልጆቼም ይህን ሰምተው ተረባረቡባቸው፤ እንግዶቹ ኳሷን በእጃቸው ሳያሞቋት ይነጥቋቸው ጀመር። ተመልካቹም 42፥ 44፥ 46 እያለ በአንድ ድምፅ አብሮ ይቈጥር ነበር።

ሃምሳ ሲሞላ እልልታው ቀለጠ። እኔ ግን የእንግዶቹን ፊት አየሁና ዐፈርሁ። ዐፍሬም ሁለተኛ ስሕተት ሠራሁ፤ «በቃ፥ ተዉአቸው፥ አታግቡ» አልሁ። ልጆቼ ማጥቃቱን ትተው ኳሷን እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ ይሣሣቁ ጀመር፤ አንዱማ ኳሷን መሬት አስቀምጦ ተቀመጠባት። ይህን ጊዜ የእንግዶቹ አለቃ፥ ዕድሜው ከዐሥራ አምስት የማይበልጥ ልጅ፥ ወደኔ መጥቶ እጁን አጣምሮ ቆመና፦ «ጋሼ፥ እባክዎ ልጆችዎን ተጫወቱ ይበሉልን። መሸነፋችንን ዐውቀናል፤ የመጣነው ግን ልንጫወት ነው» አለኝ።

ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፤ ልጁ በጥቂት ቃል ሁለቱንም ጥፋቴን ነግሮኛልና። አስቀድሜ ቍጥር መሰብሰቢያ አደረግኋቸው፤ ቀጥዬም መሣቂያ አደረግኋቸው። በሁለቱም ጊዜ ግን እንደ ተጋጣሚ አላየኋቸውም።

በዚህ ነገር የሰው አሳብ በሁለት ይከፈላል። አንዳንዶቹ፦ «ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ፊሽካው እስኪነፋ ድረስ የሚችለውን ያህል ማግባት የተጫዋች ግዴታው ነው፤ የከፋው ቢኖር ሄዶ ይለማመድ» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ፦ «ብልጫው ከታወቀ በኋላ መጨመር ነውር ነው፤ መተው ይገባል» ይላሉ። አባቶቻችንም «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ሲሉ የተረቱት የሰውን ጠባይ ለመውቀስ ነው እንጂ፥ ምሳራችንን ይዘን እንድንሮጥ ለመምከር አይደለም። ሁለቱም ወገኖች የእውነት ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን የገጠሩ ልጅ የተናገረውን ሁለቱም አልተናገሩትም። ስለዚህ ነገሩን ለመመርመር ቅርጫት ኳስን እንጀራቸው ወዳደረጉት ሰዎች እንሂድ።

በአሜሪካ የሙያ ተጫዋቾች ማኅበር፥ ኤንቢኤ በሚባለው፥ በኅዳር 1943 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1950) የፎርት ዌይን ቡድን የሚኒያፖሊስን ቡድን 19 ለ 18 አሸነፈ። ነጥቡ እንዲህ ያነሰው ኳሷን ይዞ ሰዓት መግደል በዚያ ዘመን የተፈቀደ ስለ ነበረ ነው። ተመልካች በእንዲህ ያለ ጨዋታ ስለ ተሰላቸ፥ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ መወርወር አለበት የሚል ሕግ ወጣ። ከዚህ የምንማረው አለ። በቅርጫት ኳስ የሚመራው ቡድን ቢፈልግ እንኳ ኳሷን አቅፎ መቀመጥ አይችልም፤ መወርወር ግዴታው ነው። «ተው፥ አታግባ» የሚለው ምክር ለዚህ ጨዋታ አይሆንም ማለት ነው። ርኅራኄ ካለ የሚታየው በሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ማን ይጫወታል፥ ተጋጣሚው እስከ የት ድረስ ይሳደዳል፥ የሚፈለገውስ ምንድን ነው በሚለው ነው።

የሚፈለገው ቍጥር ብቻ ሲሆን ጨዋታው ምን እንደሚመስል በየካቲት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያች ሌሊት ዊልት ቼምበርሌን የተባለው ቁመተ ረጅም ሰው፥ በፔንሲልቫኒያ ግዛት ሄርሺ በምትባል ከተማ፥ ለፊላደልፊያ ቡድን ብቻውን 100 ነጥብ አስቈጠረ። ቡድኑም ኒው ዮርክን 169 ለ 147 ረታ። የሰውዬውን ችሎታ የሚክድ የለም። የጨዋታውን መጨረሻ ስንመለከት ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ጓደኞቹ ኳሷን ለርሱ ብቻ ይሰጡ ነበር። ኒው ዮርኮች ኳሷ እርሱ ዘንድ እንዳትደርስ በሌሎቹ ላይ ሆን ብለው ጥፋት ይሠሩ ነበር፤ ፊላደልፊያዎችም በበኩላቸው ሰዓቱ እንዲቆምና ኳሷ ቶሎ እንድትመለስላቸው በኒው ዮርኮች ላይ ጥፋት ይሠሩ ነበር። ዐሥር ሰዎች በሜዳው ላይ ይራወጣሉ፤ ጨዋታው ግን የለም፤ ያለው አንድ ቍጥር ብቻ ነው። እኔም «ሃምሳ ሳትሞሉ» ብዬ በጮኽሁ ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ ያውም መቶ የማስቈጠር ችሎታ ሳይኖረኝ።

የነጥብ ልዩነት ብቻውን ግን ነውር አይሆንም። ሦስት ጨዋታዎችን ላነጻጽርላችሁ።

በሐምሌ 1984 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1992) በባርሴሎና ኦሊምፒክ የአሜሪካ ቡድን አንጎላን 116 ለ 48 አሸነፈ፤ ልዩነቱ 68 ነበር። አሜሪካ የሙያ ተጫዋቾቿን ወደ ኦሊምፒክ የላከችው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አንጎላ ግን ከረጅም የእርስ በርስ ጦርነት ገና ያልተላቀቀች አገር ነበረች። በጨዋታው መካከል አሜሪካኖቹ 46 ነጥብ ሲያስቈጥሩ አንጎላ ያገኘችው 1 ብቻ ነበር። ያችም አንዲት ነጥብ የተገኘችው ቻርልስ ባርክሊ፥ ኤርላንደር ኮይምብራ የተባለውን ቀጭን የአንጎላ ተጫዋች ደረቱን በክርኑ ስለ መታው፥ በቅጣት ውርወራ ነው።

በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ደግሞ በሎንዶን ኦሊምፒክ አሜሪካ ናይጄሪያን 156 ለ 73 አሸነፈች፤ ልዩነቱ 83 ነው። ካርሜሎ አንተኒ በ14 ደቂቃ ውስጥ 37 ነጥብ አስቈጠረ፤ ከዚያ በኋላ አሠልጣኙ አስቀመጡት።

ሦስተኛውም በኅዳር 2014 ዓ.ም. በኤንቢኤ የሆነው ነው። የሜምፊስ ቡድን ኦክላሆማ ሲቲን 152 ለ 79 ረታ፤ ልዩነቱ 73 ነበር፤ በማኅበሩ ታሪክ እንዲህ ያለ ልዩነት ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። ነገር ግን በዚያ ቀን የሜምፊስ ትልቁ ተጫዋች ጃ ሞራንት በጉዳት ምክንያት አልተሰለፈም፤ በመጨረሻውም ሩብ የተጫወቱት ተጠባባቂዎቹ ነበሩ። የሚገርመው ግን ከ18 ቀን በኋላ ኦክላሆማ ሲቲ በዚያው በሜምፊስ ሜዳ ሜምፊስን 102 ለ 99 ማሸነፉ ነው።

እንግዲህ ከነዚህ ከሦስቱ የሰው ኅሊና እስከ ዛሬ የሚወቅሰው የትኛውን ነው? ልዩነቱ ከሁሉ ያነሰውን፥ የባርሴሎናውን ነው። 83 ነጥብ ይቅር ተብሏል፤ 73 ነጥብም ይቅር ተብሏል፤ አንዲት ክርን ግን አልተረሳችም። ሰው ጠንካራ ተጋጣሚ በልጦት ቢያሸንፈው ይችላል፤ ከመሸነፉ በላይ ሲናቅ ግን አይችልም። ተጠባባቂ ተጫዋች ወደ ሜዳ ሲገባ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የጠበቀውን ዕድል አግኝቷልና፥ ባለ በሌለ ኀይሉ ቢጫወት ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ቡድኑ ዋነኞቹን በማስቀመጡ ለተጋጣሚው ያለውን አክብሮት አሳይቷል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የተጫዋቾቹ ሳይሆን ሕግ ያወጡት ሰዎች ይሆናል። ኤንቢኤ በ2016 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2023) አዲስ የዋንጫ ውድድር ባቋቋመ ጊዜ፥ እኩል ድል ያላቸው ቡድኖች በነጥብ ልዩነት እንዲለዩ ደነገገ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ቦስተን ወደሚቀጥለው ዙር ለማለፍ ቺካጎን ቢያንስ በ23 ነጥብ ማሸነፍ ነበረበት። ስለዚህ ጨዋታው አስቀድሞ ያለቀ ሆኖ ሳለ፥ ቦስተኖች የቅጣት ውርወራ በማይሆንለት በቺካጎው አንድሬ ድራመንድ ላይ ሆን ብለው ጥፋት እየሠሩ ወደ መስመሩ ይልኩት ነበር። በመጨረሻም 124 ለ 97 አሸንፈው አለፉ። የቦስተን ተጫዋቾች ክፉዎች ነበሩ አልልም፤ ሕጉ የተሸነፈውን ቡድን መሰላል አድርጎ አቀረበላቸው፥ እነርሱም ወጡበት። ነገ የትምህርት ቤትና የቀበሌ ውድድር የምታዘጋጁ ወጣቶች ይህን አስቡ። እኩል የሆኑትን ቡድኖች እርስ በርሳቸው በተጫወቱት ለዩአቸው፤ ያም ካልሆነ ከተወሰነ ልዩነት በላይ ያለው ነጥብ እንዳይቈጠር አድርጉ።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ አሸናፊው ነው። አሁን ስለ ተሸናፊው ልናገር፤ ለዚህም የራሳችን አገር ታሪክ ይበቃናል። በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ የእግር ኳስ ዋንጫ በካርቱም በተደረገ ጊዜ ግብፅ በፍጻሜው ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ጎል ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ተጫዋች ነው። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ ግብፅ እንደገና ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች። በጥር 1954 ዓ.ም. ግን አዲስ አበባ ላይ፥ ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት፥ ሉቺያኖ ቫሳሎ የመራው፥ መንግሥቱ ወርቁን የመሰለ ተጫዋች የነበረበት የኢትዮጵያ ቡድን፥ በመደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ከተለያየ በኋላ በተጨማሪ ሰዓት ያችኑ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

እስቲ አስቡት። በካርቱም የግብፅ ተጫዋቾች ከአንድ ጎል በኋላ አዝነውልን ቢተዉን ኖሮ ምን እንሆን ነበር? «ለጥቂት ተሸነፍን» እያልን ራሳችንን እናታልል ነበር። 4 ለ 0 ግን የት እንደ ቆምን በግልጽ ነገረን። እውነተኛ ነጥብ የአሸናፊው ብቻ አይደለም፤ የተሸናፊውም ገንዘብ ነው፤ ልኩን የሚያውቅበት ሚዛኑ ነውና። አዘንሁልህ ብሎ በሐሰት የሚተው ሰው ይህን ሚዛን ይሰርቀዋል። ናይጄሪያም በሎንዶን 83 ነጥብ ከተበለጠች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፥ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በላስ ቬጋስ በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ አሜሪካን 90 ለ 87 አሸንፋለች።

ነገር ግን ሚዛኑ ተናግሮ የሚጨርስበት ጊዜ አለ። ነጥብ እስከ አንድ ልክ ድረስ ስለ ተሸናፊው ይናገራል፤ ከዚያ ካለፈ በኋላ የሚናገረው ስለ አሸናፊው ነው። በኛ ሜዳ 30 ለ 2 በሆነ ጊዜ የገጠሮቹ ልጆች ማወቅ የሚገባቸውን ሁሉ ዐውቀው ነበር። ከሠላሳ እስከ ሃምሳ ያለው ቍጥር ስለ እነርሱ ምንም አልጨመረም፤ የነገረው ስለኔ ነው።

ምናልባት አንዳችሁ፦ «ታዲያ አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶኑን ሲያሸንፍ ሁለተኛ የወጣውን ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎት አልገባምን? ቢያዘግም ይሻለው ነበርን?» ትሉኝ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። በሱሉልታ ሜዳ በማለዳው ብርድ የሚለማመዱትን ሯጮች ባየሁ ቍጥር እኔም ይህን አስባለሁ። ሯጭ ሲቀድም ከኋላው ካለው ሰው የሚወስድበት ነገር የለም፤ የኋላውም የራሱን ሩጫ እስከ መጨረሻው ይሮጣል፥ የራሱንም ሰዓት ያገኛል። በኳስ ጨዋታ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ከተጋጣሚ እጅ ተነጥቆ፥ በተጋጣሚ ራስ ላይ አልፎ የሚገባ ነው። ለመሮጥ መንገድ ይበቃል፤ ለመጋጠም ግን ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለ ኳሱ ከሯጩ ይልቅ ስለ ተጋጣሚው ማሰብ አለበት።

ታዲያ ብልጫው በታወቀ ጊዜ ምን ማድረግ ይገባል? አንደኛ፥ ጨዋታውን አትተዉ፤ መተው የለበሰ ንቀት ነው። ሁለተኛ፥ ዋነኞቹን አስቀምጣችሁ ጀማሪዎቹን አስገቡ፤ የሠፈራችሁ ትንሽ ልጅ የሚማረው በዚያ ሰዓት ነው። ሦስተኛ፥ ተጋጣሚያችሁን በሜዳው ሁሉ እያሳደዳችሁ ኳስ ከእጁ አትንጠቁት፤ ወደ ራሳችሁ ቅርጫት ተመልሳችሁ ጠብቁት፥ ኳሷን አንጥሮ የሚመጣበት መንገድ ይኑረው። አራተኛ፥ ቍጥር አትተልሙ። አምስተኛ፥ አንደበታችሁንና ፊታችሁን ጠብቁ። የተሸነፋችሁ ዕለት ደግሞ እንደዚያ የገጠር ልጅ ምሕረት አትለምኑ፤ ጨዋታ ጠይቁ። በ1954 ዓ.ም. ዋንጫ የወሰደችው ኢትዮጵያም በ1962 ዓ.ም. በሱዳን በአይቮሪ ኮስት 6 ለ 1 ተሸንፋለች፤ አምስቱን ጎል ያገባው አንድ ሎራን ፖኩ ነው። ስለዚህ «ነገ በኔ» ማለት ፍርሃት ሳይሆን ጥበብ ነው።

አሁን ወደ ሜዳችን ልመልሳችሁ። ልጁ ያን ከተናገረኝ በኋላ አምስቱን ትልልቅ ልጆች አስወጥቼ ትንንሾቹን አስገባሁ፤ «በሙሉ ልባችሁ ተጫወቱ፤ ነገር ግን ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ጠብቁ» አልኋቸው። በቀረው ሰዓት እንግዶቹ ሦስት ጊዜ አገቡ። ማንም አላገባላቸውም፤ በላባቸው ያገኙት ነው፤ እነርሱም ያውቁታል። ጨዋታው 58 ለ 8 አለቀ፥ ልጆቹም ተጨባብጠው ተለያዩ። በወሩ እንደገና መጥተው 44 ለ 21 ተሸንፈው ሄዱ፤ ሲሄዱ ግን እየተጨዋወቱ ነበር።

ነገር ግን በዚያ ቀን ከመካከላቸው አንድ ልጅ ጐደለብኝ። ከሁሉ ያነሰው፥ ኮንጎ ጫማ ያደረገው ነበር። አለቃቸውን ለብቻው ጠርቼ ብጠይቀው መሬት መሬት እያየ፦ «ጋሼ፥ እሱ ትቶታል። ሰዉ ሁሉ አብሮ ሲቈጥር ሰማሁ፥ ከእንግዲህ አልጫወትም አለ» አለኝ። ሰላምታዬን ላክሁበት፥ ይቅርታዬንም ላክሁበት፤ እስከ ዛሬ አልመጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡድኑ በመንገዱ ብቅ ባለ ቍጥር እቈጥራቸዋለሁ፤ ዘጠኝ ናቸው።

በዚያ ቀን ሠላሳው ነጥብ ድል ነበረ። ከሠላሳ በላይ የሰበሰብናቸው ሃያ ነጥቦች ግን ያን ልጅ አስከፈሉኝ። ስለዚህ፥ ወጣቶች ሆይ፥ የማሸነፍ ልክ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ የምመልስላችሁ ይህን ነው፤ የሸነፋችሁት ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ ሊገጥማችሁ የሚመጣ እንደ ሆነ፥ ልክ አላለፋችሁም።